ሪፖርቱ «ዝጊው» ይላል፣ ልቤ ግን እምቢ አለ፤ የቱን ልስማ?

ሳቢያን ጅምላ (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ ነው የምሠራው፣ ሳቢያን። የምግብና የጽዳት ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ፓስታ፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ብስኩት፣ ሳሙና፣ እንዲህ ያለውን ከመጋዘን አውጥተን ለሱቆች እናደርሳለን። ድሬ ውስጥ ከዚራንም መጋላንም ገንደ ቆሬንም እንሸፍናለን። በደንገጎ ሽቅብ ወጥተን ደግሞ ሐረማያን፣ አወዳይንና ሐረርን። ድርጅቱ የቤተሰብ ነው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ኃላፊነቱን ከሰጡኝ ወዲህ በዕለቱ ሥራ ጣልቃ አይገቡም፣ ትልልቅ ውሳኔ ላይ ግን ምክንያቴን መስማት ይፈልጋሉ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ የምናስረክባቸው ትንንሽ ሱቆች አሉ። መኪናችን አይሱዙ ስለሆነ ከፈረስ መጋላ ወዲያ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዕቃው እዚያ ይራገፍና በባጃጅና በጋሪ፣ መንገዱ ሲጠብ ደግሞ በሰው ትከሻ ይገባል። ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። አንዱ ሱቅ ሁለት ካርቶን ፓስታ ይወስዳል፣ ሌላው አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ግማሹ በዱቤ። የሒሳብ ሠራተኛችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሁለት ዓመቱን ሽያጭ በኤክሴል ዘርግቶ አሳየኝ። የጀጎል ሥራ ወጪውን እንኳን በቅጡ አይመልስም። የሱ ሐሳብ ከሸዋ በር ውጭ ላሉ ሁለት ጅምላ ነጋዴዎች ብቻ እናስረክብ፣ ሱቆቹ ከነሱ ይውሰዱ ነው።

ወረቀቱ ላይ እንከን አላገኘሁም። ልቤ ግን አልተቀበለውም፣ ለምን እንደሆነ ስጠየቅም አጥጋቢ መልስ የለኝም። ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ «ውስጤ አልወደደውም» ማለት ለሥራ አስኪያጅ ከባድ ነው። ልጁ የለፋበትን ሥራ በአንድ ቃል መጣልም ነውር ይመስለኛል። በሌላ በኩል ከሽያጭ ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ሱቆቹን አውቃቸዋለሁ፣ ስሜቴን ዝም ብዬ መቅበርም አልፈልግም።

ውሳኔው ከረመዳን በፊት ነው የሚፈለገው። ጥያቄዬ ስለ ሐረር ብቻ አይደለም። ሰው የሚመራ ሰው መቼ ነው ቁጥሩን፣ መቼ ነው ውስጡን የሚሰማው? «ሁለቱንም አመጣጥኚ» የሚለውን ብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ። እንዴት ተደርጎ እንደሚመጣጠን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ዲፖ ሰፈር

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ድሬ፣ በድሮው ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እኛ ጋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። በዚህ ሁሉ ዘመን ወርክሾፑ ውስጥ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲተላለፍ የኖረ ጆሮ ነበር። ሎኮሞቲቩ ገና ሲገባ ፎርማኑ ቆሞ ያዳምጣል። «በዚህ በኩል ያለውን ኩሽኔት እዩት» ይላል። እኛ ወጣቶቹ ምንም አልሰማንም። እሱ ሰምቷል።

ልብ በይ፣ በጆሮው ብቻ የፈረመ ፎርማን ግን አላየሁም። ይከፈታል፣ በካሊበር ይለካል፣ ይጻፋል። ጆሮው የቱ ጋ እንደሚከፈት ነው የሚመርጠው። ባቡሩን በሙሉ ፈትቶ መለካት አይቻልም፣ ጊዜ የለም፣ ጆሮ የሌለው ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ተለክቶ ደህና ከሆነስ? ያኔ ፎርማኑ አይናደድም፣ ጆሮውንም አይጥልም፣ «እንግዲያው ጎረቤቱን ክፈቱ» ይላል። ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ነበር።

አንቺም ስሜትሽን ለውሳኔ አትቸኩይበት። ሪፖርቱን ዘርግተሽ የትኛው መስመር ላይ ስትደርሺ ነው ልብሽ የሚቆመው? ዱቤው ላይ? ሁለቱ ጅምላዎች ላይ? የመኪናው ወጪ ላይ? እሱን ክፈቺና ለኪ።

---

የሌሊት ተረኛ

ዲፖ ሰፈር ያሉት ነገር በእኛም ሙያ በጥናት የታየ ነው። ነርስ ነኝ፣ ሐረር።

ጋሪ ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእሳት አደጋ አዛዦች እንዴት እንደሚወስኑ አጥንቷል። ከሰበሰባቸው ታሪኮች አንዱ በጣም ይታወቃል። አንድ አዛዥ ሰዎቹን ይዞ የሚቃጠል ቤት ይገባል። እሳቱ ወጥ ቤት ነው ተብሏል። ውሃ ይረጫሉ፣ እሳቱ እንደተጠበቀው አይበርድም። ሳሎኑ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ ድምፁ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሙቀት ዝም ያለ ነው። ሰውየው ምክንያቱን ሳያውቅ «ውጡ!» ይላል። እንደወጡ የቆሙበት ወለል ይደረመሳል። ዋናው እሳት ለካ ከሥራቸው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። አዛዡ ራሱ ስድስተኛ የስሜት ሕዋስ ያለው ይመስለው ነበር። ክላይን ጠይቆ ጠይቆ ሲያወጣው ግን ሙቀቱ፣ ዝምታውና ውሃውን እምቢ ማለቱ ከለመደው የወጥ ቤት እሳት ጋር አልገጠሙለትም ነበር።

በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ነርሶች ላይም ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። ልምድ ያላቸው ነርሶች አራስ ልጅ ኢንፌክሽን እንደያዘው የላብራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ይጠረጥራሉ። «እንዴት አወቅሽ?» ሲባሉ መጀመሪያ «እንዲሁ ታወቀኝ» ነው መልሳቸው። ስለ አንድ ሕፃን፣ ስለ አንዲት ሌሊት፣ ምን እንዳዩ በዝርዝር ሲጠየቁ ግን ዝርዝር ምልክቶች ወጡ። አንዳንዶቹ በወቅቱ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያልነበሩ ናቸው።

ስለዚህ እህቴ፣ «ለምን አልወደድኩትም?» ብለሽ በደፈናው ራስሽን አትጠይቂ፣ መልስ አይመጣም። ያየሻቸውን ሱቆች አንድ በአንድ አስቢያቸው። የትኛው ባለሱቅ ነው ትዝ የሚልሽ? መጨረሻ ስትሄጂ ምን አለሽ? መደርደሪያው ላይ የማን ዕቃ ነበር? እኔ ለጀማሪ ነርሶች ይህን ነው የማደርገው። «ይሄ በሽተኛ አልጣመኝም» ካሉኝ አልስቅባቸውም፣ አልጋው ጋ ይዣቸው ሄጄ «አሁን ምን እያየሽ ነው?» እላለሁ። ከዚያ ሙቀት፣ ደም ግፊት፣ ትንፋሽ እንለካለን። አለመመዝገብ ግን የለም።

---

ቁጥር አይዋሽም

የሒሳብ ሠራተኛውን ወገን ልይዝ ነው፣ ማንም አልያዘለትምና። ዳታ ላይ ነው የምሠራው፣ ስሜም የመጣው ከዚያ ነው።

ሁለቱ ከላይ የጻፉት እውነት ነው፣ ግን ሁለቱም የተናገሩት ውጤቱ ቶሎ ስለሚታይበት ሥራ ነው። ኩሽኔቱ ሲከፈት ወይ ተበልቷል ወይ አልተበላም። ሕፃኑ ወይ ታሟል ወይ አልታመመም። በዚህ ጉዳይ ዳንኤል ካነማንና ከላይ የተጠቀሰው ክላይን በ2009 እ.ኤ.አ. አብረው ጽሑፍ አውጥተዋል። ካነማን የሰው ግምት የሚሳሳትበትን ሲያጠና የኖረ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ክላይን ደግሞ የባለሙያን ስሜት አክባሪ። ይጣላሉ ሲባል ተስማሙ። የተስማሙበት ይህ ነው፦ ስሜት የሚታመነው ሥራው ራሱ የሚደጋገም ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሠርቶበት ትክክል መሆን አለመሆኑን ቶሎ ቶሎ ሲያውቅ ነው። ሁለቱ ከሌሉ ሰውየው ምንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን እርግጠኝነቱ ማስረጃ አይሆንም። ይህችን ነገር መሪዎች ቢይዟት ደስ ይለኛል። እርግጠኛ መሆንና ማወቅ ለየቅል ናቸው።

አሁን ራስሽን ጠይቂ። የትኛው ሱቅ ዱቤውን እንደሚመልስ ያለሽ ስሜት? እሱን እመኚ እላለሁ። በየሳምንቱ ገምተሻል፣ በየሳምንቱ መልሱን አይተሻል። አንድ የሽያጭ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ በሁለት ዓመት ምን እንደሚፈጠር ያለሽ ስሜት ግን ሌላ ነው። እሱን ስንት ጊዜ አይተሻል? እዚህ ላይ ውስጥሽ ልምድ የለውም።

ይህን ካልኩ በኋላ ልጁ ያየው ቁጥር ደግሞ መፈተሽ አለበት። «እንከን አላገኘሁም» ብለሻል። እኔ የምጠረጥረው ሦስት ቦታ አለ።

አንደኛ፣ ብሩ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሁለት ዓመት ሽያጭ በብር ከተደመረ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ብር አንድ ዓይነት ብር አይደለም። ጭማሪ የመሰለው የዋጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ኪሳራ የመሰለውም ነዳጅና ባጃጅ ቀድመው ተወድደው የዕቃው ዋጋ ዘግይቶ የተስተካከለበት ወቅት ሊሆን ይችላል። በካርቶን ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ ረመዳን። ይሄ ሐረር ላይ ወሳኝ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው መጋቢት 2 ነው፣ በ2017 የጀመረው የካቲት 22። ልጁ የካቲትን ከየካቲት፣ መጋቢትን ከመጋቢት ጋር አነጻጽሮ ከሆነ የጾሙን ቀናት በከፊል ካልሆኑት ጋር ነው ያነጻጸረው። ለጀጎል ሱቆች በሂጅራ (በእስልምና አቆጣጠር) ወር መደርደር አለበት። ከኢድ በኋላ የሚመጣውን ሸዋል ኢድንም እንዳትረሱ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ራሱ ጥያቄው ነው። ሪፖርቱ የጀጎል መስመር ዛሬ ስንት ያተርፋል ነው የሚለው። ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ጅምላዎች ምን ዋጋ እንደሚጠይቁሽ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም፣ ገና አልሆነማ።

---

የመንገድ ሽያጭ

ስሙን አልጠራም እንጂ እኔም በሌላ ድርጅት ሐረር መስመር ሻጭ ነኝ። ቢሮ ያሉ ሰዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ። ስልኬ ላይ ያለው ሲስተም የሸጥኩትን ብቻ ነው የሚቀበለው። ባለሱቋ «ሩብ ካርቶን ስጠኝ» ብላኝ ካርቶኑን ከፋፍዬ ካልሰጠኋት አይመዘገብም። «ትንሹ ዘይት የለም?» ብላኝ የለም ካልኩም አይመዘገብም። በአወዳይ ጫት ዋጋው ሲወርድ የሱቆቹ እጅ እንደሚጠብ ማንም ሪፖርት ላይ አያገኘውም፣ እኔ ግን ገና ዕቃ ሳላወርድ ከሰላምታቸው አውቀዋለሁ። ከዚያ ሪፖርቱ «ጀጎል ፍላጎት የለም» ይላል። ፍላጎትማ አለ አቦ፣ እኛ የጫንነው አልገጠመም።

እና ሥራ አስኪያጇ፣ ከሒሳብ ሠራተኛሽና ከባለቤቱ በፊት ካርቶኑን የሚሸከመውን ልጅ አናግሪው። ብቻውን። ስብሰባ ላይ ከጠየቅሽው አለቃው የሚፈልገውን ነው የሚናገረው።

---

ያገባኛል

ስለ አለቃ ስሜት ሲወራ እኔ ደስ አይለኝም። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ አለቃው ዘመዱን ይቀጥርና «ውስጤ ነገረኝ» ይላል፣ የማይወደውን ሠራተኛ ያነሳና «ውስጤ አልተቀበለውም» ይላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ልምድ ይጠቅሳል። እህታችን እንዲህ አይደለችም፣ ከጻፈችው ይታያል። ሌላው የሚያነብ አለቃ ግን ይስማኝ። ውስጥህ የነገረህን ከመወሰንህ በፊት ቀን ጽፈህ ወረቀት ላይ አስፍር፣ ምን ይሆናል ብለህ እንደጠበቅክም ጨምር፣ ለሠራተኛውም አሳየው። ያላሰፈርከውን ስሜት በኋላ «አውቄው ነበር» ማለት አይቻልም።

---

ደቻቱ ማዶ

ይህን ክር ሳነብ የመጣብኝን ልጻፍ፣ ከንግድ ይወጣል ግን አይርቅም።

የሐምሌ 1998 ጎርፍ ጊዜ ድሬ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ሌሊት ከባዱን ዝናብ የተቀበለው ከላይ ያለው ደጋ ነው። ውሃው ከተማው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሰፈሮች ተጠርገው ሄዱ።

እዚያ አሸዋ ዳር ዕድሜውን የኖረ ሰው ስለ ደቻቱ ያለው ስሜት ጠንካራ ነበር። ጎርፍ ብዙ ጊዜ አይቷል፣ መጥቶ ሲሄድ አይቷል። የለመደው ስሜት «ይሄም ያልፋል» ነው የሚለው፣ ደግሞም ከዚያ ቀን በፊት በአብዛኛው ልክ ነበር። ያን ሌሊት የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ላይ ሆኖ ዝናቡን የሚያይ ሰው ወደ ታች የሚልከው መረጃ። በዕድሜ አንዴ ለሚመጣ ነገር የማንም ሆድ አልሠለጠነም። ስለዚህ ቤተሰብ ይሁን ድርጅት ይሁን ወረዳ ለሚመራ ሰው የምለው፣ ነገሩ ከከፋ የማይመለስ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ የራስህን እርጋታ አትመን። ላይ ያለውን ሰው ደውለህ ጠይቅ።

የጅምላው ጉዳይ እንዲህ አይደለም፣ ይገባኛል። ግን አንዲት ነገር ይመሳሰላል። ዱቤሽን በሙሉ ሁለት ሰው ላይ ስታኖሪ፣ አንዱ ቢወድቅ ምን ያህል ነው የሚወስድብሽ? ሪፖርቱ ላይ ያለፉት ሁለት ዓመታት ሰላም ነበሩ ማለት መጪውን አይነግርሽም። ሃምሳ ትንንሽ ሱቆች በአንድ ቀን አይጠፉም።

---

ሳቢያን ጅምላ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት።

የሌሊት ተረኛ ያለችውን ሞከርኩት። በደፈናው ማሰቤን ተውኩና ሱቆቹን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ምን እንደታየኝ ልንገራችሁ። የዘይት ዋጋ ሊንቀሳቀስ ሲል መጀመሪያ የምሰማው ከነሱ ነው። ተፎካካሪ አዲስ ፓስታ ሲያስገባ መጀመሪያ የማየው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ሻጮቻችን ከጀጎል ሲመለሱ መኪናው ውስጥ የሚያወሩትን ሰምቼ ነው ለድሬም ለአወዳይም የምጭነውን የማስተካክለው። ጅምላዎቹ ይህን አይነግሩኝም፣ ለምን ይንገሩኝ? የሚነግዱበት እኮ ነው። እነዚህን ሱቆች ስዘጋ ገበያ የምሰማበትን ጆሮ ነው የምዘጋው። ያ እንግዲህ በካርቶን አይለካም፣ ግን ዋጋ አለው፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ ዜሮ ነው የተጻፈለት። ልቤ የቆመው ይሄ ላይ ነበር።

ደቻቱ ማዶ ያልከውም ገባኝ፣ ዱቤው ላይ ወደ ባለቤቱ የምወስደው ራሱን የቻለ ነጥብ ነው።

ግን ቁጥር አይዋሽም ያልከኝንም ቸል አልልም። ይህን ሁሉ ስላሰብኩ ትክክል ነኝ ማለት አይደለም፣ አሁንም እየከሰርኩ ሊሆን ይችላል። ልጁን ቁጭ አድርጌ በካርቶንና በሂጅራ ወር እንደገና እንዲያወጣው ጠይቄዋለሁ። ቅር አላለውም፣ እንዲያውም ፈጥኖ ነው የጀመረው። በሚቀጥለው ጭነት አይሱዙው ላይ ከሻጮቹ ጋር ይወጣል፣ ፈረስ መጋላ ላይ ወርዶ ከጋሪው ጋር ይገባል። ሐረርን በኤክሴል ብቻ ነው የሚያውቃት። እኔ ደግሞ እሱ የሚያየውን ወጪ በዓይኔ ስለማላየው ከሱ ጋር እቀመጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባለቤቱ ጋ ስንገባ እኔ፣ ልጁና የሽያጭ ኃላፊው ሦስት የተለያየ ሐሳብ ይዘን ነው። እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ ሁለቱ ዝም ይላሉ፣ አውቃቸዋለሁ። እንዴት ላድርገው?

---

ቁጥር አይዋሽም

ለዚህ ከካነማን ሕይወት አንድ ነገር አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ገና የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ሳለ፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ ምልምል ወታደሮችን የሚመድብ ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ተሰጠው። በፊት ጠያቂዎቹ ሰውየውን አናግረው በስሜታቸው «ይሆናል፣ አይሆንም» ይሉ ነበር፣ ግምታቸውም እምብዛም አይሠራም ነበር። እሱ ስድስት ነገር ለየብቻ ጠይቁ፣ ለያንዳንዱ ወዲያው ነጥብ ስጡ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ አላቸው። ጠያቂዎቹ ተቆጡ፣ «ማሽን ልታደርገን ነው» አሉ። እሺ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰውየውን ወታደር ሆኖ አስቡትና አንድ ነጥብ ስጡ አላቸው።

ውጤቱ ሲታይ የስድስቱ ድምር ከድሮው በጣም የተሻለ ሆነ። የሚገርመው ግን ዓይን ጨፍነው የሰጡትም ነጥብ የድምሩን ያህል ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ያው ሰዎች፣ ያው ስሜት። ልዩነቱ ስሜቱ የመጣው መጀመሪያ ሳይሆን መረጃውን በየመልኩ ካዩ በኋላ መሆኑ ነው።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ከስብሰባው በፊት ሦስታችሁም ለየብቻ ጻፉ፦ የመስመሩ ትርፍ በካርቶን፣ የዱቤው አደጋ፣ ከገበያ የምትሰሙት ወሬ ዋጋ፣ የሻጮቹ ድካም፣ የጅምላዎቹ አመል። ለያንዳንዱ ከአምስት ነጥብ። ሳትነጋገሩ። ከዚያ ወረቀቱን ባንድ ላይ ግለጡት። የተራራቃችሁበት ላይ ብቻ ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበት ላይ ጊዜ አታጥፉ። ልጁ መጀመሪያ ይናገር፣ አንቺ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ «ውስጤ ይህን ይላል» ብትይ ማንም ነውር አይልሽም።

ሌላም አለ። ይህ ውሳኔ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ? ጀጎልን ዘግተሽ ከዓመት በኋላ እከፍታለሁ ብትይ ሱቆቹ ሌላ ሰው ለምደዋል፣ በቀላሉ አይመለሱም። አቆይተሽ ከረመዳን በኋላ እዘጋለሁ ብትይ ግን ምንም አይከለክልሽም። የሁለቱ ዋጋ እኩል ስላልሆነ ማስረጃውም እኩል መሆን የለበትም። ለመዝጋት ብዙ ማስረጃ ጠይቂ፣ ለመሞከር ትንሽ ይበቃል። ብቻ ሙከራው መቆሚያ ይኑረው፦ ከሸዋል ኢድ ማግስት የካርቶኑ ቁጥር ከዚህ ከወረደ እንዘጋለን ብላችሁ ቁጥሩን አሁን ጻፉት።

---

ዲፖ ሰፈር

ይህ ልጅ ጥሩ ተናግሯል። እኛም ፎርማኑ ከመናገሩ በፊት ረዳቶቹን «ምን ሰማችሁ?» ይለን ነበር። አንዳንድ ቀን ትንሹ ልጅ ነው የሚሰማው።

---

ሰንጋ በር

ጀጎል ውስጥ ቤተሰቤ ሱቅ አለው። ስለ አመራር የምለው የለኝም፣ ስለ ሙከራው ግን ልርዳሽ፣ የእናንተ ዕቃ ሲቀር የምንቸገረው እኛ ነን።

በረመዳን የምትሞክሩ ከሆነ አሁን በምትመጡበት ሰዓት አትምጡ፣ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ለሻጭ የሚሆን ፋታ የለም። ሰዉ ሁሉ ለማፍጠሪያ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ቴምሩን ይሸምታል፣ ያኔ ጋሪ ይዞ የሚመጣ ሻጭ «ነገ ና» ነው የሚባለው፣ የናንተ ሲስተም ደግሞ አልገዛም ብሎ ይመዘግበዋል። ጠዋት ረፈድ ሲል ኑ። ጁምዓ ከስግደት በፊት አትምጡ። ትልቁን ካርቶን ፓስታ ለሁለት ከፍላችሁ ብታመጡ ከዱቤው ግማሹ ይቀራል፣ ዱቤ የምንጠይቀው ካርቶኑ ስለሚበዛብን ነው እንጂ ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዱቄትና ዘይት አብዙ፣ ብስኩትና ጣፋጩን ለኢዱ ሳምንት አቆዩት።

ልጁ ሲመጣ እኛ ጋ ይግባ፣ ከሰንጋ በር ሲገባ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነን፣ ያልሸጥነውንና የተጠየቅነውን የምንጽፍበት ደብተር አለን፣ እናሳየዋለን።